ኮተቤ ሆላንድ የገባ ሰሞን

ልጅቷ መጀመሪያ ሱቄ የመጣች ቀን የጠየቀችኝ የግድግዳ መጋረጃ ነው። የመስኮት አይደለም፣ የግድግዳ። ኮተቤ አስፋልት ዳር መጋረጃ መሸጥ ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቻለሁ። የሚያፈስ ኮርኒስ በጨርቅ የሚደብቅ አከራይ አይቻለሁ፤ ከአማቷ ጋር የምትኖርበትን አንድ ክፍል ለሁለት የምትከፍል ሙሽራ አይቻለሁ። መስኮት የሌለውን ባዶ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ ልሸፍን ያለችኝ ግን እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

«ግድግዳው ምን ሆነ?» አልኳት።

«ያስጠላል፣ እትዬ።»

«ቀለም ይረክስልሽ የለም እንዴ?»

«አከራዬ ሚስማር እንጂ ቀለም አይፈቅዱም።»

እንዲህ ያለ አከራይ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ግን ነጋዴ ነኝ፤ ልግዛ ያለን ሰው ሁለት ጊዜ አልመልስም።

ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ጥፍሯ አጭር፣ አነጋገሯ ቀስ ያለ፣ እንግዳ መቀበል የለመደች ዓይነት። ጣቃውን ሁሉ አንድ በአንድ እያስወረደች ስታይ ቆይታ፣ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ጨርቅ ላይ ጣቷን ቀሰረች። ያ ጨርቅ ዕዳዬ ነበር። ለሠርግ ቤት ይጨልማል፣ ለሐዘን ቤት ይደምቃል፤ ማንም ነክቶት አያውቅም።

«ይሄን የገዛ ሰው አለ?»

ውሸት ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ነጋዴ ሲጠየቅ ‹ኧረ ሰው እየተሻማበት ነው› ነው የሚለው። ግን ፊቷ ላይ የምትፈልገው መልስ ሌላ መሆኑን አየሁ።

«ማንም አልገዛውም» አልኳት።

«እሱን ስጡኝ።»

አያት ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ተከራይታ ብቻዋን ነበር የምትኖረው። ለመለካት ስሄድ አልጋዋ ከግድግዳው ፊት ለፊት ተስቦ፣ አጠገቡ ክብ መብራት ቆሞ፣ መብራቱ መሃል የስልክ ማስቀመጫ ተሰክቶ አየሁ። «ፎቶ ቤት ልትከፍቺ ነው?» አልኳት። «እንደሱ ይበሉት» አለችኝ። እኔም እንደሱ አልኩት። በእኔ ሥራ ሰው መኝታ ቤት ድረስ ገብቶ መውጣት አለ፤ ያየሁትን ሁሉ ባወራ ኖሮ ዛሬ ሱቅ አይኖረኝም።

ስለ ሰፊዬ አሁኑኑ ልናገር፤ ነገሩ የመጣው በእሱ እጅ ነውና። ሽበታም ሰው ነው፣ ጴንጤ፤ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ መዝሙር ያንጎራጉራል። ቁራጭ ጨርቅ መጣል ነፍሱ አይወድም። ከሌላ ሥራ የተረፈውን በጣት ስፋት እየቀደደ ከመጋረጃው ግርጌ ሥር ይሰፋዋል። ጠርዙ አይበላም፤ መጋረጃውም ክብደት ያገኝና ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የተለየ ቀለም ሆኖ ከሥር ብልጭ ሲል ሰው ወደደው። ኮተቤና አያት ያለ ሰው የእኔን ሥራ በዚያ ጠርዝ ነው የሚለየው፤ ለማስታወቂያ ሰባራ ሳንቲም አውጥቼ አላውቅም። የልጅቷን ሲሰፋ ከአንድ ምግብ ቤት ሥራ የተረፈ ቢጫ ነበረው። ሰፋላት፣ ሰቀልንላት፣ አለቀ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዘንጉ ከነሚስማሩ ወለቀና ጠራችኝ። ብሎን ሳጠብቅላት፣ ሻይ አቅርባልኝ እጇን እያሸች ቆመች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብነግርዎት ይቀየሙኛል?»

«ካልከፈልሽኝ እቀየማለሁ።»

ነገረችኝ። ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነበረች። ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ ተቀነሰች። እናቷ ገጠር ታማሚ ናት። ውጭ ያለች ጓደኛዋ መንገዱን አሳየቻት። የምትሠራው እዚህ አልጋ ላይ፣ እዚህ መጋረጃ ፊት ነው፤ ራቁቷን ሆና ትቀረጻለች፣ ፈረንጆች ከፍለው ያዩታል። ከአንገት በላይ አንድም ቀን አሳይታ አታውቅም። ጡቷ አጠገብ ያለውን ጠባሳ በቀለም ትሸፍናለች። የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያና የአዛን ድምፅ ከተሰማ ቀረጻውን ትጥለዋለች። የመብራት ሶኬቱን እንኳን አገሩን እንዳያሳብቅባት ከመጋረጃው ጀርባ ያስገባችው ለዚህ ነው።

እኔ መሰላሉ ላይ ብሎን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ከአፌ የወጣው፣

«ይህን በመሰለ የእንጦጦ ብርድ? አይመታሽም?»

ሳቀች። ሳቋ አልቆም ብሏት አልጋው ላይ ተቀመጠች፤ ቆይቶ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። ሃይማኖት አለኝ፣ ሴት ልጆችም አሉኝ። ግን ተቆጥቼ ብወጣ እናቷን እኔ አላስታምማትም። ደግሞ እኔ መጋረጃ የሰቀልኩላቸው ስንት ጨዋ ቤቶች ውስጥ ከዚህ የባሰ ነገር በነፃ ሲደረግ አይቼ ሻይ ጠጥቼ ወጥቻለሁ።

«የአገር ሰው ቢያይሽስ?» አልኳት።

«አያየኝም። የእኛን አገር ዘግቼዋለሁ።»

«አንቺ? አገር ዘጋሽ?»

«ቪዲዮውን የምጭንበት ሳይት ይፈቅዳል፣ እትዬ። ‹ከኢትዮጵያ ሆኖ የሚከፍት ሰው እንዳያየኝ› ብዬ መርጫለሁ። እዚህ ያለ ሰው ገጼን ቢከፍተው ባዶ ነው የሚያገኘው። ይሄ ባይኖር ኖሮ አልጀምረውም ነበር።»

ገባኝ። ከእኔ የገዛችው መጋረጃ ግድግዳ ላይ ነበር፤ ዋናው መጋረጃዋ ግን ይሄ ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ከዚያ መንግሥት ዘጋ።

ለምን እንደዘጋ ሁሉም የየራሱን ያወራ ነበር፤ እኔ ደንበኛ ከሚነግረኝ በላይ አላውቅም። ብቻ አንድ ጠዋት ሰው የሚጻጻፍበትም፣ ቪዲዮ የሚያይበትም ቀጥ አለ። ነውረኛ የሚባሉትም ገጾች አብረው ተዘጉ። አንድ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሰው፣ ሸበቶ፣ ኮት የማይለየው፣ የምንከባበር ደንበኛዬ፣ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ደግ አደረጉ! ትውልዱ በስልክ አለቀ እኮ» አለ። እኔም «እንዴታ፣ ጋሼ» አልኩት። ገዢ የሚለውን መቃወም ልማዴ አይደለም።

ሳምንት አልሞላም፣ ሰፈሩ በሙሉ ቪፒኤን ጫነ። ለማያውቅ ሰው፣ ስልክህን ሌላ አገር ያለ የሚያስመስል ነገር ነው። የተማሪው ስልክ ጀርመን፣ የታክሲው ረዳት ስልክ ሲንጋፖር። ያኔ በነፃ የሚሠራው ባብዛኛው የሆላንዱ ስለነበር ኮተቤ ሆላንድ ገባ። ሰፊዬ እንኳን መዝሙር የሚያዳምጥበት ቪዲዮ ሲቀርበት አላስችል ብሎት አስጫነ።

«አለቃዬ፣ ሆላንድ ገባሁ!» አለኝ ስልኩን እያሳየኝ።

«ቪዛውን ማን ሰጠህ?»

«ጌታ።»

እኛ ስንስቅ፣ ልጅቷ ያን ሰሞን እየከሳች ነበር። እሷም የራሷን ገጽ ለመክፈት ቪፒኤን ግድ ሆነባት። አንድ ቪዲዮ ለመጫን ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታ ትተኛለች፤ ስትነሳ ግማሽ ላይ ቆሞ ታገኘዋለች። የቆዩት ደንበኞቿ አዲስ ነገር ሲያጡ አንድ በአንድ ለቀቁ። «ለእነሱ ምን ብዬ ላስረዳቸው?» ትለኝ ነበር። «‹መንግሥቴ ዘጋብኝ› ብላቸው፣ መንግሥት ኢንተርኔት መዝጋት መቻሉን የሚያውቅ የላቸውም። ሰነፍኩ ነው የሚመስላቸው።» ሱቄ ጎራ እያለች ከጨርቁ መሃል በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ ታወራለች፣ ሰፊው ከጓሮ መዝሙሩን ያንጎራጉራል፤ የምናወራው አይሰማውም።

አንድ ቀን ግን ፊቷ ፈክቶ መጣች። «እትዬ፣ ሆላንዶች ወደዱኝ!» አለችኝ። በአንድ ጊዜ የሆላንድ ተመልካች በዝቶላታል። ለእናቷ መድኃኒት ላከች፤ ለእኔም ሙዝ ገዝታ መጣች። እኔ ሙዙን እየላጥኩ፣ ሆላንድ የሚባል አገር ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን እያልኩ አሰብኩ እንጂ፣ አጠገቤ ያለውን ሆላንድ አላሰብኩትም። እሷም አላሰበችውም። ለነገሩ ሁለታችንም ማሰብ ነበረብን፤ የሰፈራችን ሰው ሆላንድ መግባቱን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ቀጥሎ ስትመጣ የሱቁን በር ከውስጥ ዘጋችው። ስልኩን ሰጠችኝ። ከሆላንዶቹ አንዱ በአማርኛ ጽፎላታል።

«ቆንጆ፣ መጋረጃሽን አውቀዋለሁ። የእኛ ሰፈር ሥራ ነው። በሰላም እንገናኝ። አይሆንም ካልሽ ፈልጌ አገኝሻለሁ፤ ያኔ ብቻዬን አልመጣም።»

ከጽሑፉ ሥር ከቪዲዮዋ የተቆረጠ ፎቶ አለ። እግሯ ጫፍ፣ የአልጋው ጥግ፣ ከዚያም ወይን ጠጁ ጨርቅ፤ ከጨርቁ ግርጌ ጣት የምታህል ቢጫ።

ጠባሳዋን ደብቃለች፣ ድምፁን ደብቃለች፣ ሶኬቱን ደብቃለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ጠርዝ ግን ከሰፈሩ መጋረጃ ሻጭ ገዝታ ከጀርባዋ ሰቀለችው። ፈረንጅ ቢያየው ቢጫ ነው፤ ኮተቤ ያደገ ሰው ቢያየው የእኔ ሱቅ ነው።

«ሰውዬው እንዴት አየሽ? ዘግቻለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

«ዘግቻለሁ! አሁንም እንደተዘጋ ነው» አለች። «መንግሥት የፊት በሩን ሲዘጋ ሰው ሁሉ በጓሮ ወጣ፣ እትዬ። በጓሮ የወጣው ደግሞ እኔ ጋ ሲደርስ ፈረንጅ መስሎ ነው። የእኔ መዝጊያ ሆላንድን አይከለክልም። ባይዘጉ ኖሮ ይሄ ሰውዬ መቼም አያየኝም ነበር።»

«እሺ አጥፊዋ! ሁሉንም አጥፊው!»

«አልችልም።»

እሷም የራሷን ገጽ የምትከፍተው በቪፒኤን ነው። ጠዋት ሆላንድ፣ ቀትር ላይ ጀርመን፣ ማታ ሌላ። ሳይቱ ‹አንድ ሰው በአንድ ቀን እንዲህ አይዞርም፣ ሌባ ገብቷል› ብሎ ቆለፈባት። ቪዲዮዎቹ ለተመልካች እንደተከፈቱ ናቸው፣ የሚጻፍላትም በኢሜይል ይደርሳታል፤ የተቆለፈው እሷ ላይ ብቻ ነው። ለመክፈት ፊቷን በካሜራ አሳይታ መታወቂያዋን ማቅረብ አለባት፤ እሱን የሚጠይቀው ገጽ ደግሞ ቪፒኤኑ እየተቆራረጠ አልከፍት ብሏል።

«ፖሊስ ጋ ሂጂ፤ ዛቻ ነው እኮ» አልኳት።

«ምን ብዬ ነው የምከሰው? መጀመሪያ የምታሰረው እኔ።»

ስለዚህ ጥያቄው አንድ ሆነ፤ ሰውዬው ቀድሞ ያገኛታል ወይስ እሷ ቀድማ ታጠፋዋለች።

ሰውዬው ብዙም አላስጠበቀኝም። በሁለተኛው ቀን ሱቅ መጣ። ያው ኮሚቴው ነው፣ ‹ደግ አደረጉ› ያለው። ኮቱን ቆልፏል። ሰላምታውን አስረዘመው፣ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ከዚያ ስልኩን አወጣ። ፎቶውን እስኪበቃው ቆርጦታል፤ እግሯም አልጋውም የለም፣ ጨርቁና ቢጫው ብቻ።

«ይሄ ያንቺ ሥራ አይደለም?»

ፊቴን ሠላሳ ዓመት ዋጋ ሲከራከሩኝ ያቆምኩበት ቦታ አቆምኩት።

«የእኔ ይመስላል፣ ጋሼ። የት አዩት?»

«እ… ባለቤቴ ናት ያየችው። ወዳው።»

«የት አዩት እሳቸው?»

«ኢንተርኔት ላይ።»

«የቱ ኢንተርኔት? ተዘግቶ የለም እንዴ?»

ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። «ሰው ልኮላት ነው። ለማን ነው የሰፋሽው? ቤቱ ተሰቅሎ ብናየው ብዬ ነው፤ ጨርቅ ተጣጥፎ አይታወቅም።»

«እውነት ነው፣ አይታወቅም። ግን ደንበኛ ቤት ሰው ይዤ አልገባም። እርስዎ ቤትስ ሌላ ሰው ይዤ ብመጣ ይወዳሉ?»

«አይ፣ እሱማ…»

ሰውን ከሱቅ በባዶ እጅ አለመስደድ የነጋዴ ጸሎት ነው። ዞሬ ከመደርደሪያው የቀረውን ጣቃ አወረድኩና ባንኮው ላይ ዘረገፍኩት።

«እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ ተርፎኛል። የሳሎንዎን መስኮት ልክ አውቀዋለሁ፣ አምና መጋረጃውን እኔ ነኝ የሰቀልኩት። እሜቴ ከወደዱት ነገ መጥተን እንሰቅላለን።»

«አይ አይ፣ አትቸኩዪ። መጀመሪያ ላማክራት…»

«ወደውታል አላሉኝም? ቆይ እኔው ልደውልላቸው፣ ቁጥራቸው አለኝ።»

እጁን ዘርግቶ ስልኬን ሊይዝ ምንም አልቀረውም። ደወልኩ። ሚስቲቱ ደግ ሴት ናቸው፤ ነገሩን ስነግራቸው «እሱ? ለእኔ? መጋረጃ?» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ልጃገረድ ቀጠነ። እሱ ፊት ለፊቴ ቆሞ የእኔን የመቁረጫ መቀስ ያይ ነበር።

ለሰፊዬ «ያ ቢጫ ተርፎሃል?» አልኩት። «የማይተርፈኝ ምን አለ፣ አለቃዬ» አለ።

በማግስቱ ሄድን። የሳሎኑን መስኮት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ከኮርኒስ እስከ ወለል ወይን ጠጅ አለበስነው፤ ከሥር ቢጫው ብልጭ አለ። ሚስቲቱ ጨርቁን በእጃቸው እየዳበሱ መረቁን። ሰውዬው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ወደ ቴሌቪዥኑ ያይ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ስወጣ በር ድረስ ሸኘኝ።

«ጋሼ፣ አሁንማ ያንን ፎቶ ያየ ሰው ሁሉ እዚህ ቤት የተነሳ ነው የሚመስለው» አልኩት፣ በቀልድ አስመስዬ።

አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ ጋ የጻፈው ነገር የለም።

ግን ይህ ጊዜ መግዣ እንጂ መድኃኒት አልነበረም። እሱ ዝም ቢል ሌላው ሆላንድ አለ። ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ የውጭ ሰዎች የሚያርፉበት አንድ የእንግዳ ማረፊያ አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲዘጋ የእነሱ መስመር አይዘጋም ይባል ነበር። ከዚያ ቤት የመኝታ ክፍሎች መጋረጃ ሥራ ነበረብኝ። ልጅቷን የሰፊዬን ሽርጥ አልብሼ፣ ዘንግ አሸክሜ፣ ረዳቴ ናት ብዬ ይዣት ወጣሁ። ከባሕር ዛፉ ውስጥ ጉም ተኝቷል፤ መኪናው ማርሽ እየቀየረ ሲያቃስት እሷ ዘንጉን አቅፋ ተቀምጣለች።

አንድ ክፍል ከፍተውልን ሄዱ። እኔ መሰላል ላይ ወጣሁ፤ እሷ መሬት ላይ ተቀመጠች። እውነትም ገጹ ተከፈተ።

«ፊትሽን አሳዪ ይለኛል» አለች።

«አሳዪዋ።»

«ሁለት ዓመት ፊቴን ደብቄ ኖሬ፣ ልውጣ ስል ፊትሽን?» ስልኩን አራቀች፣ አቀረበች። «ይሄን የሚያይ ማን እንደሆነ ምን አውቃለሁ? ይሄ መስመር ራሱ የማን ነው? መሃል ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀዳ ቢኖርስ?»

እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው። «ሌላ በር አለ?» አልኳት። የለም አለች። ስልኩን ፊቷ ላይ አነሳች። ግራ ዙሪ ሲላት ዞረች፣ ቀኝ ዙሪ ሲላት ዞረች። ቀጥሎ ቀና ብላ አየችኝ።

«ፈገግ በይ ይለኛል፣ እትዬ።»

ሞከረች። ጥርሷን አሳየች እንጂ ፈገግታ አልነበረም። ማሽኑም አልተቀበላትም፤ እንደገና አላት። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና መለሳት። የሰው ልጅ መሆኗን ለማሳመን መሳቅ ነበረባት፣ ያን ዕለት ደግሞ ሳቅ የሚባል ነገር ከእሷ ዘንድ አልነበረም። ያኔ ነው ያልነገርኳትን የነገርኳት፤ የሰውዬውን ሳሎን፣ ሚስቲቱ «እሱ? ለእኔ?» ማለታቸውን፣ እሱ የጠፋ ቴሌቪዥን ማየቱን፣ ከቢጫው ጠርዝ ላይ እግሩን እንዴት እንዳሸሸ። ሳቀች። ሳይቱ በዚያች ሳቅ አመናት።

የተቆለፈው ተከፈተ። አጥፍታ ትገላገላለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ እሷ ግን ጣቷን አንስታ ቆመች።

«ሥራዬ ነው እኮ» አለች። «እንዲህ ሲታይ ቆሻሻ ይመስላል። ግን እያንዳንዷን መብራቱን አስተካክዬ፣ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ… የእናቴ ሁለት ዓመት ነው እዚህ ያለው።»

አጠፋችው። አንዱን ከአንዱ በኋላ፣ ሳትቸኩል፣ ሱቁን ዘግቶ የሚሄድ ሰው ዕቃውን አንድ በአንድ እንደሚያወርድ። ስትጨርስ «ሰው ቀድቶ ያስቀመጠውን ግን ማጥፋት አይቻልም» አለችና ተነስታ ዘንጉን ያዘችልኝ። የቀረውን መጋረጃ አብረን ሰቀልን። እጇ ቀጥ ያለ ነበር። እኔ ጋ ሥሪ ልላት አስቤ ተውኩት፤ እኔ የምከፍላት የእናቷን ግማሽ መድኃኒት አይገዛም፣ ያንንም ሁለታችን እናውቃለን።

ቆይቶ መንግሥት ከፈተ። እንደዘጋው ሁሉ አንድ ጠዋት ሳይናገር ከፈተው። ስልክ ሁሉ ጮኸ፣ ሰው በደስታ ተያየ። ሰፊዬ «ከስደት ተመለስን» አለኝ። ሻይ ቤት ያለው ሁሉ ‹ያ ክፉ ጊዜ አለፈ› ይል ነበር። እንደ እውነቱ እኔም ለንግዴ ደስ ብሎኛል፤ ደንበኛ ፎቶ እየላከ ያዘኛል። ለልጅቷ ግን የተከፈተ ነገር አልነበረም። ደንበኞቿ ሄደዋል፣ ሥራዋ ጠፍቷል፣ ያ የተቆረጠ ፎቶ በማን ስልክ ውስጥ እንዳለ አታውቅም። ደረጃ ስትወጣ ከኋላዋ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ቆማ ታሳልፋለች።

ቤቱን የለቀቀች ዕለት ሱቅ መጣች። አንድ ሻንጣና ያን ክብ መብራት ይዛለች። ሚኒባሱ መንገድ ማዶ ይጠብቃታል።

«የት ልትገቢ ነው?» አልኳት።

«ልደውልልዎት እችላለሁ» አለችኝ።

«የት ነው ያልኩሽ።»

«እትዬ፣ አይጠይቁኝ።»

ተናደድኩ። ይህን ሁሉ አብሬያት ሆኜ፣ መሰላል ላይ ሆኜ ስቀልድላት፣ ከጎረቤት ጋር ፊት ለፊት ስጋጠምላት፣ ሰፈሯን ትደብቀኛለች! ሳመችኝ፤ እኔም ጉንጬን እንደ ድንጋይ አድርጌ ተሳምኩ። ሚኒባሱ ሲነሳ ቀና አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ሰውዬው እንደገና የመጣው። ኮት፣ ሰላምታ፣ ዝናብ። መጋረጃው ሚስቱን እንዴት እንዳስደሰታት ነገረኝ። እኔ ለሌላ ሰው ሥራ ጨርቅ እየለካሁ «እሰይ፣ ጋሼ» እላለሁ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። ወደ አስፋልቱ እያየ፣ እንደዋዛ፣

«ያቺ እኛ ሕንፃ ብቻዋን ትኖር የነበረች ልጅ፣ ቀጭኗ… ለቀቀች አሉ። የት ገባች?»

ሜትሩ እጄ ላይ ቆመ። ለካ ያውቃታል። መጋረጃዬ አፉን ዘጋው እንጂ ዓይኑን አልዘጋውም ነበር፤ ይህን ሁሉ ጊዜ በየትኛው በር እንደምትገባና እንደምትወጣ እያየ ተቀምጧል።

«የቷ ልጅ?» አልኩ።

ዞሮ ፊቴን ረዘም አድርጎ አየው። እኔም አሳየሁት። ዋጋ ስከራከር የምደብቀው ነገር ይኖረኛል፤ ያን ጊዜ ግን የምደብቀው አልነበረኝም። የት እንዳለች አላውቅም። ቢለምነኝም፣ ቢያስፈራራኝም፣ ሰው ይዞ ቢመጣብኝም አላውቅም። ሰፈሯን ለምን እንደደበቀችኝ፣ ተቆጥቼባት የነበረው ነገር ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«ብዙ ደንበኛ ነው ያለኝ፣ ጋሼ» አልኩት። «ሲለቁ ነግረውኝ አይለቁም።»

ወጣ። እኔ ወደ ጨርቁ ተመለስኩ፤ ልኩ ጠፍቶብኝ ከመጀመሪያው ለካሁ።